አልፍሬድ ቢኔ፦ ከመለኪያው በስተጀርባ የነበረው የመማሪያ ክፍል

የአልፍሬድ ቢኔ ስም በልዩ ፍላጎት ትምህርት ጥናቶች ውስጥ በአብዛኛው የሚነሳው ከአእምሮ ችሎታ መለኪያ ጋር ተያይዞ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የተመራማሪውን ሕይወት በመከተል፣ መለኪያው ልጆችን ለመርዳት እንደተዘጋጀና የንባብ ጥያቄዎች በውስጡ የነበራቸው ቦታ እንዴት እንደተለወጠ ያሳያል።

ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1857 በኒስ ከተማ ተወለዱ። የሕግ ትምህርታቸውን ቢያጠናቅቁም በሙያው አልገፉበትም፤ ሥነ ልቦናን በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በግላቸው አጠኑ። ቀጥሎም በሳልፔትሪየር ሆስፒታል በሻርኮ ሥር ስለ ሂፕኖሲስ ተመራመሩ። በዚያ ማግኔት በሕሙማን ላይ ለውጥ ያመጣል ብለው ያወጡት ግኝት ግን በቤልጅጋዊው ዴልቤፍ ትችት ፈረሰ፤ ለውጡን ያመጣው ማግኔቱ ሳይሆን ተመራማሪዎቹ ሳያውቁት ያስተላለፉት ጥቆማ ነበር። የጠያቂው አቀራረብ የተጠያቂውን መልስ እንዴት እንደሚለውጥ ማጥናት ከዚያ በኋላ ከዋና ሥራዎቻቸው አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ የሶርቦን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆኑ። በ1903 ባሳተሙት መጽሐፍም በአንድ ቤት ያደጉት ሁለት ሴት ልጆቻቸው እንኳ የተለያየ የአስተሳሰብ መንገድ እንዳላቸው አሳዩ።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1882 ከ6 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች ትምህርትን ግዴታ ካደረገች ወዲህ፣ በመደበኛው ትምህርት የማይራመዱ ልጆች ጉዳይ ጎልቶ ወጣ። በ1904 ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን ሲቋቋም ቢኔ አባል ሆኑ። ሥጋታቸው ግልጽ ነበር፤ የጋራ መመዘኛ ከሌለ ልጁ ወደ ልዩ ክፍል የሚላከው በመምህሩ ወይም በሐኪሙ ግምት ብቻ ይሆናል። ስለዚህም ከሐኪሙ ቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ 30 ተግባራትን አዘጋጁ።

በ1908 መለኪያው በዕድሜ ሲደራጅ አንብቦ መረዳትም ተካቶበት ነበር። ልጁ አጭር ዜና አንብቦ የ8 ዓመት ከሆነ ሁለት፣ የ9 ዓመት ከሆነ ስድስት ነገሮችን እንዲያስታውስ ይጠበቅ ነበር። በ1911 በተደረገው ማሻሻያ ግን የንባብና የጽሕፈት ጥያቄዎች ወጡ፤ ውጤታቸው ልጁ ባገኘው ትምህርት ላይ እጅግ የተመሠረተ ነበርና። በዚህ ውሳኔ፣ ማንበብ አለመቻል በራሱ የችሎታ ማነስ ማስረጃ መሆኑ ቀረ።

ቢኔ ንባብን ከችሎታ መለኪያው ቢያወጡትም ከሥራቸው አላወጡትም። በ1905 በግራንዥ ኦ ቤል ጎዳና በሚገኝ የፓሪስ ትምህርት ቤት የትምህርት ቤተ ሙከራ ከፍተው ነበር። በዚያ ርእሰ መምህሩ ቫኔ ያዘጋጁት መመዘኛ የልጆችን ንባብ በደረጃ ይለይ ነበር፤ ቃሉን እየቆራረጠ የሚያነበው፣ እያመነታ የሚያነበው፣ አቀላጥፎ የሚያነበውና ለዛ ሰጥቶ የሚያነበው በየደረጃቸው ይመደቡ ነበር። በልዩ ክፍሎች ደግሞ ትኩረትንና ትውስታን የሚያዳብሩ መልመጃዎች ይሰጡ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ልጆች ምልክት ሲሰጣቸው እንደ ሐውልት ሳይንቀሳቀሱ የሚቆዩበት ጨዋታ ነው። ልዩ ክፍሎች በ1909 በሕግ ታወቁ። ቢኔም በዚያው ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የአእምሮ ችሎታ የማይለወጥ ነው የሚለውን አመለካከት ተቃወሙ።

ቢኔ በ1911 በ54 ዓመታቸው አረፉ። በቀጣዩ ዓመት ጀርመናዊው ስተርን ውጤቱን ወደ አንድ ቁጥር የሚለውጠውን ስሌት አቀረቡ። በአሜሪካም ጎዳርድ መለኪያውን በውርስ የሚተላለፍ ዝቅተኛ ችሎታን ለመለየት ተጠቀሙበት። ለድጋፍ የታሰበው መሣሪያ በዚህ መንገድ የመፈረጃ መሣሪያ ሆነ።

ከቢኔ ሥራ ለዛሬው ተመራማሪ የሚተርፈው፣ ልጁ ምን ተምሯል የሚለውን ጥያቄ ምን መማር ይችላል ከሚለው መለየት ነው። በአንብቦ መረዳት ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ተማሪ ፊደላቱን ለይቶ ማንበብ ተስኖት፣ የቃላቱ ትርጉም ጎድሎት ወይም ከነጭራሹ ሳይማር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሳይለይ የሚሰጥ ስያሜ ለመምህሩ የሚያመለክተው የማስተማሪያ መንገድ የለም።