የደረትን ቋንቋ የሰማው ሐኪም

ጋዜጠኝነት ስንማር መምህራኖቻችን ደጋግመው የሚነግሩን ነገር አለ፤ ከመጻፍ በፊት ማዳመጥ! ለዚህ እትም የማንን ሕይወት ልጻፍ ብዬ ሳስብ ታዲያ ጋዜጠኛ ሳይሆን በማዳመጥ የታወቀ ሐኪም መረጥኩ። ፈረንሳዊው ሬኔ ላኔክ ነው።

ላኔክ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1781 ካምፔር በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደገው ናንት ከተማ ይሠራ የነበረ ሐኪም አጎቱ ነው። በ1801 ፓሪስ ገብቶ በዘመኑ ከታወቁት የልብ ሐኪሞች አንዱ በሆነው በኮርቪሳር ሥር ተማረ።

ያኔ ሐኪም የውስጥ ሕመምን የሚለየው ደረትን በጣት በመምታት ወይም ጆሮውን በቀጥታ ደረት ላይ በመለጠፍ ነበር። በ1816 ኔከር ሆስፒታል አንዲት የልብ ሕመም ምልክት ያለባት ወጣት መጣች። ሰውነቷ ወፍራም ስለነበር መምታቱ አልጠቀመም፤ ጆሮ መለጠፉ ደግሞ ነውር ሆነበት። ምን ያድርግ? ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። የልቧ ምት ቁልጭ ብሎ ተሰማው!

ዋሽንት ተጫዋችና እንጨት ቀራጭ ስለነበር ወረቀቱን በእንጨት ቱቦ ተካው። ስቴቶስኮፕ ተወለደ ማለት ነው። የዛሬው ባለ ሁለት ጆሮ ግን በ1850ዎቹ የመጣ ነው።

እኔን የገረመኝ መሣሪያው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው። በሕይወት ያሉትን ሕመምተኞች እያዳመጠ ይመዘግባል፤ ሲሞቱ ደግሞ አስከሬናቸውን መርምሮ የሰማውን ካየው ጋር ያመሳክራል። የሳንባ ምች ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው፣ ቲቢ የቦረቦረው ሳንባ እንዴት እንደሚያስተጋባ፣ ደረት ውስጥ ውሃ ሲቋጠር የሕመምተኛው ንግግር እንደ ፍየል ጩኸት እንደሚንቀጠቀጥ የለየው እንዲህ ነው። ግኝቱን በ1819 በሁለት ቅጽ አሳተመ። ሁሉንም ግን አላገኘውም፤ የልብ ሁለተኛ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የሰጠው ማብራሪያ ስህተት ነበር።

መጨረሻው ያሳዝናል። ሲያስለውና ሲከሳ ዘመዱ ሜሪያዴክ በስቴቶስኮፕ አዳመጠው። የሰማው ላኔክ ራሱ ለዓለም ያስተማረውን የቲቢ ድምፅ ነበር። በ1826፣ በ45 ዓመቱ አረፈ። የቲቢ ባክቴሪያ የተገኘው በ1882፣ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ደግሞ በ1943 ነው።

ታዲያ መድኃኒት ከሌለ ማወቁ ምን ጠቀመ? የሚል ይኖራል። እኔ ግን በጣም ጠቅሟል ባይ ነኝ። ሳልና ትንፋሽ ማጠር የሳንባ ምችም፣ የቲቢም፣ የአስምም፣ የልብ ድካምም ምልክት ነው፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ዛሬም ጤና ጣቢያ ውስጥ ራጅና አልትራሳውንድ ሳይኖር የመጀመሪያውን ልዩነት የሚያወጣው ጆሮ ነው። ጆሮ ብቻውን ግን አይበቃም። ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ የአክታ ምርመራ የግድ ይላል።

ከላኔክ የወሰድኩት ትምህርትም ይኸው ነው፤ መስማት ጥሩ ነው፣ የሰሙትን ማመሳከር ደግሞ ሥራ ነው። ለእኛ ለጋዜጠኞቹም ቢሆን ያው አይደል?