ከጥገና ሱቅ የወጣ ድምፅ፦ የሊዮ ፌንደር ሕይወትና ባለ ቲዩብ የጊታር ማጉያ

ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር፣ በዓለም የታወቀበት ስሙ ሊዮ ፌንደር፣ ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር፤ መሣሪያውን መቃኘት እንኳ አልተማረም። በምሕንድስናም ዲግሪ አልነበረውም፤ በኮሌጅ የተማረው የሒሳብ አያያዝ ነው። ይሁን እንጂ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኤሌክትሪክ ጊታርንና ማጉያውን (አምፕሊፋየሩን) መልክ ከሰጡት ሰዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ ይዟል። ይህ ጽሑፍ የሕይወቱን ሂደት በመከተል፣ የፈጠራ ሥራው ምንጭ የብልሽት ፍለጋና የጥገና ልምዱ እንደነበረ ለማሳየት ይሞክራል። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፌንደር ነሐሴ 10 ቀን 1909 በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች አካባቢ፣ ብርቱካን ከሚያለሙ ገበሬዎች ተወለደ። በስምንት ዓመቱ በደረሰበት ዕጢ ምክንያት ግራ ዓይኑን አጣ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በመስታወት ዓይን ኖረ። ወደ ኤሌክትሮኒክስ የሳበው በሳንታ ማሪያ ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቅ የነበረው አጎቱ ነው። አጎቱ ራሱ የሠራው ራዲዮ ከድምፅ ማውጫው ጋር በሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ሲሰማ ታዳጊው ሊዮ እጅግ ተደነቀ። ብዙም ሳይቆይ በወላጆቹ ቤት ራዲዮ መጠገን ጀመረ።

ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ፤ በ1934 ኤስተር ክሎስኪን አገባ። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ግን ሥራውን አሳጣው። በ1938 600 ዶላር ተበድሮ በፉለርተን የራዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈተ። በሱቁ ራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ይጠግናል፤ ለስብሰባና ለጭፈራ የሚከራዩ ድምፅ ማጉያዎችም ይሠራል። ሙዚቀኞች የተበላሹ ጊታሮቻቸውንና ማጉያዎቻቸውን ይዘው መምጣት የጀመሩት በዚሁ ጊዜ ነው።

ወደ ጠረጴዛው ይመጣ የነበረውን የችግር ዓይነት ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። ቲዩብ አየር የተወገደበት የመስታወት ዕቃ ነው። በውስጡ የሚግለው ካቶድ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ የተሰጠው ፕሌት ደግሞ ይስባቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ግሪድ የሚደርሰው ትንሽ የቮልቴጅ ለውጥ የኤሌክትሮኖቹን ፍሰት በብዙ ይለውጣል፤ ደካማው የጊታር ሞገድ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ብልሽቱም ከዚህ አሠራር ይመነጫል። ካቶዱ ሲያረጅ ድምፁ ይዳከማል። በኃይል ማቅረቢያው ያሉ የማጣሪያ ካፓሲተሮች ሲደርቁ ማጉያው የማያቋርጥ ጉምታ ያሰማል። አንዱን የማጉላት ደረጃ ከሌላው የሚያገናኘው ካፓሲተር ሲያፈስ ደግሞ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ወደ ቀጣዩ ቲዩብ ግሪድ ይዘልቃል፤ ያን ጊዜ ቲዩቡ ከልኩ በላይ ጅረት ይስባል፣ ፕሌቱም እስኪቀላ ሊግል ይችላል። ስለሆነም ጠጋኙ በመጀመሪያ የኃይል ማቅረቢያውን፣ ቀጥሎ ቲዩቦቹን፣ ከዚያም እያንዳንዱን ደረጃ በቅደም ተከተል ይመረምራል። መሣሪያው ከመስመር ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ የሚቀረው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ እርሱን ማውረድ ከሁሉ ይቀድማል።

ዓይኑን በማጣቱ ለውትድርና ያልተፈለገው ፌንደር በጦርነቱ ዓመታት ሥራውን ቀጠለ። ቀደም ሲል በኤሌክትሪክ ጊታር ሥራ ልምድ ከነበረው ከዶክ ካውፍማን ጋር ተባብሮ በ1945 ጭን ላይ ተቀምጠው የሚመቱ የብረት ጊታሮችንና አነስተኛ ማጉያዎችን ለገበያ አቀረበ። ካውፍማን የንግዱን ሥጋት በመፍራት በ1946 ሽርክናውን ተወ፤ ፌንደር ግን በራሱ ስም ኩባንያ አቋቋመ።

የኩባንያው የመጀመሪያ ማጉያዎች ሰርኪዩት በመሠረቱ አዲስ አልነበረም። የቲዩብ አምራቾች ለተጠቃሚዎች ባሳተሟቸው መጻሕፍት ከነበሩት የአሠራር ምሳሌዎች ብዙ ተወስዷል። የፌንደር ድርሻ በሌላ በኩል ይገኛል። ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ተደርድረው ይበየዳሉ፤ በመሆኑም የተበላሸው ክፍል ሌላውን ሳይነካ ተነቅሎ ይተካል። ቲዩቦቹ በሶኬት የተሰኩ ናቸው። የሞዴሉንና የቲዩቦቹን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት በሣጥኑ ውስጥ ይለጠፋል። የጥድ ሣጥኑ ማዕዘኖች ጣት በጣት እንደተቆላለፈ እጅ የተጋጠሙ በመሆናቸው የጉዞን እንግልት ይችላሉ። እነዚህ ሁሉ የሌሎችን መሣሪያ ለዓመታት ሲከፍት የኖረ ሰው ውሳኔዎች ናቸው።

ሁለተኛው መለያው የሙከራ ዘዴው ነበር። ራሱ መጫወት ስላልቻለ ናሙናዎቹን ለሙዚቀኞች ይሰጥ፣ ወደ ጭፈራ አዳራሾችም እየሄደ ያዳምጥ ነበር። ቅሬታቸውን ይዞ ይመለስና ሰርኪዩቱን ይለውጣል። በ1950 ዓ.ም. በገበያ የታየው፣ በኋላ ቴሌካስተር የተባለው ጊታር፣ በ1951 የወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ እና በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር በዚሁ መንገድ የዳበሩ ናቸው። የቤዝ ጊታሩ ዝቅተኛ ድምፅ የተለመዱትን ማጉያዎች ስለሚያስጨንቅ፣ ቤዝማን የተባለው ማጉያ በ1952 ተሠራ። የመጀመሪያው ሞዴል አንድ ባለ 15 ኢንች ድምፅ ማውጫ ብቻ ነበረው፤ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ግን ጭነቱ በአራት ባለ 10 ኢንች ድምፅ ማውጫዎች ተከፋፍሏል። በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ታዋቂ የነበረው ጊታሪስት ዲክ ዴል በከፍተኛ ድምፅ አጨዋወቱ ማጉያና ድምፅ ማውጫ ደጋግሞ ባቃጠለ ጊዜም ፌንደር ጥፋቱን በተጫዋቹ ላይ አላላከከም፤ ይበልጥ ኃይለኛ የሆነው ሾውማን የተባለው ማጉያ የዚህ ትብብር ውጤት ነው።

በፌንደር ሥራ ውስጥ አንድ ተቃርኖ ይገኛል። እርሱ የሚሻው ንጹሕ፣ ያልተዛባ ድምፅ ነበር። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲነዳ ግን የሞገዱ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ በመጀመሪያው ድምፅ ያልነበሩ ተጨማሪ ድግግሞሾችም ይፈጠራሉ። ለጠጋኙ ጉድለት የሆነው ይህ መዛባት ለብሉዝና ለሮክ ተጫዋቾች አዲስ የአነጋገር ስልት ሆነ። በ1962 በለንደን የከበሮ መምህርና የመሣሪያ ነጋዴ የነበረው ጂም ማርሻል ከባልደረቦቹ ጋር የመጀመሪያውን ማጉያውን የሠራው የቤዝማንን ሰርኪዩት መነሻ አድርጎ ነው። በመግቢያው የገባው ይበልጥ የሚያጎላ ቲዩብና በእንግሊዝ አገር የሚገኙት ሌሎች ክፍሎች ድምፁን ቀየሩት። ለጥገና እንዲመች ተብሎ የተዘረጋው ሰሌዳ ለማሻሻያም በር ከፈተ፤ ሠሪው ያላሰበው፣ ምናልባትም ያልወደደው ድምፅ ከራሱ ንድፍ ተወለደ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፌንደር ሥር በሰደደ ሕመም ተይዞ ዕድሜው እንደማይረዝም አመነ። በጥር 1965 ኩባንያውን ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከሽያጩ በኋላ ሐኪም ለውጦ ተፈወሰ፤ ኩባንያው ግን ከእጁ ወጥቷል። በቀጣዮቹ ዓመታት ምርቱ ሲበዛ ጥራቱ እንደወረደ ብዙ ሙዚቀኞች ስላመኑ፣ ከሽያጩ በፊት የተሠሩት መሣሪያዎች በልዩ ሁኔታ ተፈላጊ ሆኑ። ፌንደር በ1970ዎቹ በሚውዚክ ማን ኩባንያ ሠራ፤ የኩባንያው ማጉያዎች መግቢያቸው በትራንዚስተር፣ ማውጫቸው በቲዩብ የተገነባ ነበር። ኤስተር በ1979 አረፈች፤ እርሱም በ1980 ዳግመኛ አገባ፤ በዚያው ዘመን ከቀድሞ ባልደረባው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። የፓርኪንሰን ሕመም ቢጸናበትም ከሥራ ጠረጴዛው አልራቀም። መጋቢት 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ አረፈ።

የዚህ ሕይወት ታሪክ ለኢትዮጵያ ተመራማሪ የሚሰጠው ተግባራዊ ትምህርት አለ። በፌንደር ዘመን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማጉያ የሚፈልገው 117 ቮልትና 60 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያ መስመር ግን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ በቀጥታ ቢሰካ የኃይል ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ቮልቴጁ በማውረጃ ትራንስፎርመር ቢስተካከል እንኳ ድግግሞሹ 50 ኸርዝ እንደሆነ ይቀራል፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሰላ የትራንስፎርመር ልብ ከወትሮው ይበልጥ ይሞቃል። ዘላቂው መፍትሔ ለአገሩ መስመር የተሠራ ትራንስፎርመር መተካት ሲሆን፣ ይህም የሚቻለው መሣሪያው ሊከፈትና ሊነበብ የሚችል ስለሆነ ነው።

ጉዳዩ ከጊታር ያልፋል። ክራር ዛሬ በኤሌክትሪክ ማንሻ ይሠራል፤ በዘንገና አካባቢ፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ በሠርግ ላይ የሚዘፈነው በማጉያ ነው። የማጉያዎቹ ንድፍ ግን የክራርን ወይም የማሲንቆን ድምፅ አስቦ የተዘጋጀ አይደለም። ፌንደር በፉለርተን ያደረገው፣ የተበላሸውን መክፈት፣ ተጫዋቹን ማዳመጥ፣ አንድ ክፍል ለውጦ እንደገና ማዳመጥ፣ ውድ ቤተ ሙከራ የሚጠይቅ አልነበረም። የጥገና ጠረጴዛ ከምርምር በታች የሚታይ የሙያ ሥራ ሳይሆን የምርምር መነሻ ሊሆን እንደሚችል የሕይወቱ ታሪክ ይመሰክራል።