ከአራዳ ሜዳ እስከ አፍሪካ መድረክ፦ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና ራእይ

የራስን የሕይወት ራእይ መቅረጽ ሲነሳ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ሊይዘው የሚፈልገውን የሥራ መደብ፣ ሊያገኘው የሚሻውን ገቢና ሊኖርበት የሚመኘውን ቤት ነው። የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ እንዳለ ያስገነዝባል። ጥያቄውም ሰው የሚቆምለት ዓላማ ምንድን ነው የሚለው ነው። አቶ ይድነቃቸው በተጫዋችነት፣ በአሠልጣኝነትና በአመራርነት ባገለገሉባቸው አሥርት ዓመታት የኃላፊነት ቦታቸው በተደጋጋሚ ተለውጧል። ዓላማቸው ግን አልተለወጠም። ኢትዮጵያውያንና አፍሪካውያን በስፖርት ሜዳ ከማንም ጋር በእኩልነት እንዲቆሙና የራሳቸውን ስፖርት ራሳቸው እንዲመሩ መሥራት ነበር።

ትውልድና አስተዳደግ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ ሰው ነበሩ። አዲስ ነገርን ሳይፈሩ የሚሞክር አባት የነበራቸው አቶ ይድነቃቸውም በወቅቱ በአገሪቱ ገና ጀማሪ የነበረውን የእግር ኳስ ጨዋታ ገና በልጅነታቸው ወደዱት።

በዚያ ዘመን እግር ኳስ መተዳደሪያ የሚሆን ሙያ አልነበረም። ደመወዝ የሚከፍል ክለብ፣ የተደራጀ ፌዴሬሽንም ሆነ አህጉራዊ ውድድር አልነበረም። ስለዚህ በጨዋታው ሕይወቱን ለመምራት የሚያስብ ወጣት አርአያ የሚሆነው ሰው ማግኘት አይችልም ነበር። አቶ ይድነቃቸው በኋላ የሠሩባቸው አብዛኞቹ ተቋማት በልጅነታቸው ገና ያልተፈጠሩ ነበሩ።

ጊዮርጊስ፦ ሰፈሩና ክለቡ

በአዲስ አበባ የአራዳ አካባቢ ሕይወት ማዕከል የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለዐድዋ ድል መታሰቢያ ያሠሩት ይህ ስምንት ማዕዘን ያለው ካቴድራል በዙሪያው የከተማዋን ዋና ገበያ፣ የንግድ ቤቶችንና የተለያየ ትውልድ ያላቸውን ነዋሪዎች ሰብስቦ ይዞ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ወጣቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም የያዘውን የእግር ኳስ ክለብ የመሠረቱት በዚሁ አካባቢ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል አቶ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይጠቀሳሉ። አቶ ይድነቃቸውም በክለቡ የመጀመሪያ ዓመታት ቡድኑን ተቀላቀሉ።

ክለቡ ከተመሠረተ ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያዘ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በከተማዋ ሕዝብ ላይ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ወቅት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተቃጠለ። የአፄ ምኒልክ ሐውልትም ከቦታው ተነሥቶ ነበር። የወረራው አስተዳደር ነጮችንና ኢትዮጵያውያንን በመኖሪያና በገበያ ለመለየት በነደፈው ዕቅድ መሠረት የአራዳን ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወረ። የሰፈሩ ክለብም ስሙን እንዲለውጥ ተገደደ።

አቶ ይድነቃቸው ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ያሳለፉት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። በቆዳ ቀለም ምክንያት ሰውን ከሰው የሚለይ ሕግ ምን እንደሚመስል ያወቁት በንባብ ሳይሆን በኖሩበት ከተማ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ክለቡ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። አቶ ይድነቃቸውም እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ የክለቡን መለያ ለብሰው ተጫወቱ፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰለፉ።

የሌለውን ተቋም መመሥረት

ከነጻነት በኋላ አቶ ይድነቃቸው በመጫወት ብቻ አልተወሰኑም። ተጫዋች ሆነው ሳለ በአገሪቱ የስፖርት አስተዳደር ሥራ ውስጥ ገቡ፤ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እንዲጠናከርና በዓለም አቀፍ ማኅበር እንዲታወቅ ሠሩ።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ልዑካን በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በዚሁ ወር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እንዲካሄድ ሲወሰን፣ የአፓርታይድን ሥርዓት የምትከተለው ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾች በአንድነት የተሰለፉበት ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ አልሆነችም። ኮንፌዴሬሽኑ ገና ሲወለድ ከአራት አባላቱ አንዷን ማጣት ከባድ ጉዳት ነበር። ቢሆንም ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ እንድትወጣ ተደረገ፤ የመጀመሪያው ዋንጫም በሦስት አገሮች መካከል ብቻ ተካሄደ። ኢትዮጵያ የግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚዋ በመቅረቷ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ይህ ውጤት በዚያ ቀን ሲታይ የሚያኮራ አልነበረም፤ ውድድሩ ትንሽ፣ ሽንፈቱም ሰፊ ነበር። ነገር ግን አፍሪካውያን በራሳቸው ደንብ የሚመሩት ተቋም ቆመ፤ ዘርን መሠረት ያደረገ ልዩነትም በዚያ ተቋም ቦታ እንደማይኖረው ከመጀመሪያው ታወቀ።

የ1954ቱ ድል

ከአምስት ዓመት በኋላ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሲዘጋጅ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድኑ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ ደግሞ በካርቱም ካሸነፋት የግብፅ ቡድን ጋር ተገናኘ። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ካደረገች በኋላ በተጨማሪው ሰዓት በኢታሎ ቫሳሎና በመንግሥቱ ወርቁ ግቦች 4 ለ 2 አሸነፈች። የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው በዚያ ጊዜ ብቻ ነው።

ራእይ የሚያስከፍለው ዋጋ

አቶ ይድነቃቸው ከድሉ በኋላ ፊታቸውን ይበልጥ ወደ አህጉሩ አዞሩ። ለ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ከአሥራ ስድስቱ ቦታዎች አፍሪካ ለብቻዋ የተመደበላት አንድም አልነበረም፤ ቦታ ለማግኘት ከሌሎች አህጉራት አገሮች ጋር መፎካከር ነበረባት። የአፍሪካ አገሮች ይህን በመቃወም ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። ከተቃውሞው ግንባር ቀደም መሪዎች መካከል ከጋና ኦሄኔ ጃን፣ ከኢትዮጵያ ደግሞ አቶ ይድነቃቸው ይጠቀሳሉ። እርምጃው አንድ ትውልድ ተጫዋቾች ምናልባት ሊያገኙት ይችሉ የነበረውን የዓለም ዋንጫ ዕድል አስቀርቷል። ለ1962 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ግን አፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ ተሰጣት፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ቦታው ወደ ሁለት ከፍ አለ።

በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በኢትዮጵያ ዘውዳዊው ሥርዓት ወድቆ ወታደራዊ መንግሥት ሲተካ እንኳ በዚህ ኃላፊነት ቀጠሉ፤ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜም መሩት። በእርሳቸው የአመራር ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ተባረረች። በካርቱም በአራት አገሮች ስብሰባ የተጀመረው አቋም ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የዓለም ውሳኔ ሆነ።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ስትላቀቅ አላዩም። አገሪቱ በ1984 ዓ.ም. ወደ ዓለም እግር ኳስ ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾች አብረው በተሰለፉበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ በሜዳዋ አነሣች። ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት የተጠየቀው እንዲህ ያለ ቡድን ነበር።

የራስን ራእይ ለሚቀርጹ ዜጎች

ከዚህ ሕይወት ለማንኛውም ዜጋ የሚሆኑ አራት ቁም ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ራእይ ከሥራ መደብ ይሰፋል። አቶ ይድነቃቸው መጫወት ሲያቆሙ ዓላማቸው አልቆመም፤ በአሠልጣኝነት፣ ከዚያም በአመራር ቀጠለ። ሥራ የለቀቀ፣ ጡረታ የወጣ ወይም ሙያ የቀየረ ሰውም ሊጠይቅ የሚገባው የትኛውን ወንበር አጣሁ ብሎ ሳይሆን ዓላማዬን አሁን በየት በኩል ልቀጥል ብሎ ነው።

ሁለተኛ፣ መነሻው በእጅ ያለው ነው። አህጉራዊው ተቋም የተጀመረው በጥቂት አገሮች፣ የእርሳቸው ጉዞም በአንድ ሰፈር ክለብ ነው። ለሥራ ፈጠራ፣ ለትምህርት ወይም ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚነሣ ሰው ሁሉም ነገር እስኪሟላ መጠበቅ አይኖርበትም።

ሦስተኛ፣ ራእይ የማይደረገውንም ይወስናል። ሊደረስበት የሚፈለገውን ሲጽፉ ለጥቅም ሲባል የማይለወጠውን አቋም አብሮ መጻፍ በችግር ጊዜ ውሳኔን ያቀላል።

አራተኛ፣ የራእይ ፍሬ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ አይሰበሰብም። ከፊሉን የሚያጭደው ተከታዩ ትውልድ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ዜጋ የራሱን ዕቅድ ሲያወጣ ለራሱ የሚያገኘውን ብቻ ሳይሆን ለልጆቹና ለአካባቢው የሚተወውንም ቢያካትት ዕቅዱ ምሉዕ ይሆናል።