ሼክ አብዱላህ አል-ሳሊም፦ ሥልጣንን በሕግ የገደቡ አሚር

የዘመናዊቷ ኩዌት መሥራች የሚባሉት ሼክ አብዱላህ አል-ሳሊም አል-ሳባህ እ.ኤ.አ. በ1895 ተወለዱ። በ1938 በነጋዴዎች ግፊት 14 አባላት ያሉት የሕግ አውጪ ምክር ቤት ሲመረጥ ሊቀ መንበሩ እርሳቸው ነበሩ። ምክር ቤቱ ገንዘብን፣ ፍርድንና ጸጥታን በሕግ ለመምራት ቢነሣም፣ ዓመቱ ሳያልቅ በወቅቱ አሚር ተበተነ።

በ1950 አሚር ሲሆኑ የነዳጅ ገቢ አገሪቱን እየለወጠ ነበር። መንግሥት በአሮጌው የከተማ ግንብ ውስጥ የነበረውን ቦታ በከፍተኛ ዋጋ እየገዛ ነዋሪውን እንደ ሻሚያ ወዳሉ አዳዲስ ሰፈሮች አዛወረ፤ ግንቡም በ1957 ፈረሰ። ከግዢው ይበልጥ የተጠቀሙት ባለጸጎች ናቸው የሚል ነቀፋም ተነሣ።

ኩዌት በ1961 ከእንግሊዝ ሞግዚትነት ከወጣች በኋላ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 1962 ሕገ መንግሥቱን አጸደቁ። አንቀጽ 18 ንብረት ያለ ተገቢ ካሣ እንዳይወሰድ፣ አንቀጽ 31 ደግሞ ማንም ሰው ከሕግ ውጭ እንዳይያዝና እንዳይፈተሽ ይደነግጋል፤ የኋለኛው ድንጋጌ ዜጋንና የውጭ አገር ሰውን አይለይም።

በ1963 የተመረጠው ምክር ቤት በቀጣዩ ዓመት መገባደጃ አዲሱን ካቢኔ ሲቃወም፣ ሼኩ ምክር ቤቱን አልበተኑም፤ ካቢኔው እንዲለወጥ አደረጉ። ኖቬምበር 24 ቀን 1965 አረፉ። ከአሮጌው ከተማ በስተደቡብ ያለው የአብዱላህ አል-ሳሊም ሰፈር ዛሬም በስማቸው ይጠራል።