ፖል ላ ኩርና ነፋስ የተኛበት ሌሊት

ከነፋስ ኤሌክትሪክ ማውጣት ይቻላል፤ ችግሩ የሚጀምረው ነፋሱ ሲተኛ ነው። ይህን አስቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ ዴንማርካዊው ፖል ላ ኩር ነው። የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ሲሆን፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1872 በተቋቋመው የዴንማርክ የአየር ጠባይ ተቋም ምክትል ኃላፊ ሆኖ ሠራ፤ ለቴሌግራፍ የሚያገለግል መሣሪያም ፈለሰፈ። በ1878 ግን ዋና ከተማውን ትቶ አስኮቭ በተባለች መንደር በሚገኝ የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ የከተሜ ሀብት ነበር። ላ ኩር ገበሬውም ድርሻ እንዲኖረው በመሻት በ1891 በመንግሥት ርዳታ የሙከራ የነፋስ ወፍጮ አቆመ። በነፋስ መተላለፊያ ቱቦ ባደረገው ምርምርም ጥቂት ክንፎች ያሉትና በፍጥነት የሚሽከረከር ወፍጮ ለኤሌክትሪክ እንደሚሻል አረጋገጠ።

የዴንማርክ ክረምት እንደ እኛ ክረምት ግድብ የሚሞላበት ወቅት አይደለም። ቀኑ አጭር፣ ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ መብራት እጅግ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው፤ ነፋሱም አንዳንዴ ለቀናት ይጠፋል። ስለዚህ ላ ኩር በነፋሱ ኤሌክትሪክ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየከፈለ ጋዙን አጠራቀመ፤ ከ1895 እስከ 1902 የትምህርት ቤቱ መብራት የሚነደው በዚህ ጋዝ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂት ኦክስጅን ከሃይድሮጅኑ ጋር በተቀላቀለ ቁጥር ፍንዳታ እየተነሣ የሕንፃዎቹን የመስኮት መስተዋት ደጋግሞ አረገፈው።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነው። ሰባት ዓመት የደከመበትን ዘዴ ተወ። ለመንደሩ ኤሌክትሪክ ማደል ሲጀምር ኃይሉን በባትሪ አጠራቀመ፤ ባትሪው ለረጅም የነፋስ ዕረፍት ስለማይበቃም የነዳጅ ሞተር በተጠባባቂነት አቆመ። ለነፋስ ኃይል ሲሟገት የኖረ ሰው ሞተር መትከሉን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ ይኖሩ ይሆናል፤ እኔ ግን የመሐንዲስነቱ ማስረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ።

በ1903 የዴንማርክ የነፋስ ኤሌክትሪክ ማኅበርን አቋቋመ፤ የገጠር ኤሌክትሪክ ሠራተኞችንም ያሠለጥን ጀመር። በ1908 ዐረፈ።

ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የነበረው ዮሐነስ ዩል በ1957 በጌድሰር 200 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ወፍጮ ሠርቶ ያለ ባትሪ ከአገሩ መረብ ጋር አገናኘው፤ ነፋሱ ሲደክም ሸክሙን ሌሎች ጣቢያዎች ይወስዱት ነበር። ያ ወፍጮ በ1967 ቆመ። ዛሬ ዴንማርክ ከነፋስ የምታገኘው ኃይል በጣም ብዙ ነው፤ ነፋስ በሌለባቸው የክረምት ሌሊቶች ግን አሁንም ከኖርዌይና ከስዊድን ግድቦች የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ትገዛለች።