ሴባስቶፖልን የሠራው እውቀት የት ገባ?

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ያልተባለ ነገር አለ ብሎ ብዕር ማንሳት ድፍረት ነው። ይሁንና ንጉሡን በጀግንነታቸውና በአሟሟታቸው ብቻ እያነሳን፣ ሕይወታቸው የሚያስተምረንን አንድ ትልቅ ጉዳይ የዘነጋን ይመስለኛል። ይኸውም የባለሙያን እውቀት አገር ውስጥ የማስቀረት ጉዳይ ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለዱ። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው በመድፍ ተሸነፉ። የመድፍን ነገር የተማሩት በወታደሮቻቸው ደም ነበር ማለት ይቻላል። ተቀናቃኞቻቸውን ተራ በተራ አስገብረው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ከነገሡ በኋላም ከአውሮፓ አጥብቀው የፈለጉት የእጅ ባለሙያ ነው።

ያገኙት በስዊዘርላንድ ባዝል አቅራቢያ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡትን ሚስዮናውያን ነው። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነበር። ንጉሡ ግን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ ሥሩ አሏቸው። ሙያችን አይደለም ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ በመጨረሻ ግን ተሳካ። በጋፋት ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ፊደልና የእጅ ሙያ ይማሩ ነበር። ስለዚህ ንጉሡ ሙያው በአገር ልጅ እጅ እንዲገባ አላሰቡም ማለት አይቻልም።

ከሁሉ የገዘፈው መድፍ ሴባስቶፖል ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ ወሎ ተነሱ። የጅጣንና የበሽሎን ገደል እያስፈለጡ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እየተሸከሙ፣ ዛሬ ምዕራብ ደቡብ ወሎ በምንለው ደጋ የሚገኘውን መቅደላን ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። የሚያሳዝነው፣ የእንግሊዝ ጦርም በዚያው መንገድ ተጠቀመ። መድፉ በጦርነቱ የረባ ጥቅም ሳይሰጥ ቀረ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው አለፉ።

ከዚያስ? የጋፋት ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ከመካከላቸው ቫልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ንጉሡ መቅደላ ላይ ካከማቿቸው ወደ 1000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። መጻሕፍቱ ተዘርፈውም ቢሆን ዛሬም ይነበባሉ፤ የጻፏቸው ሊቃውንት እውቀት አልጠፋም። የጋፋት ሙያ ግን በሰዎች እጅና ጭንቅላት ውስጥ ስለነበረ ባለቤቶቹ ሲሄዱ አብሮ ሄደ። ከ28 ዓመት በኋላ አድዋ የዘመትነው ከውጭ በመጣ መድፍ ነው።

እኔ የሕግ ሰው ነኝና ዓይኔ ውል ላይ ያርፋል። ዛሬ ድልድይ ወይም ግድብ ስናሠራ ተቋራጩ የተሠራውን የሚያሳይ ንድፍ እንዲያስረክብ በውሉ እናስገባለን። ደግ ነው። ንድፉ ግን ምን እንደተሠራ እንጂ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ፣ ምን ተሞክሮ እንደከሸፈ አይነግረንም። ባለሙያው ያንን ይዞ ይሳፈራል ወይም ጡረታ ይወጣል፤ ተከታዩ መሐንዲስ ያንኑ ስህተት በራሱ ወጪ፣ ማለትም በእኛ ወጪ፣ ይደግመዋል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የውሳኔዎቹ ምክንያት ሥራው ሲሠራ እንዲመዘገብ፣ መዝገቡም የክፍያ ቅድመ ሁኔታ እንዲሆን በውል ማስገባት ነው። የተመዘገበው ደግሞ ተከታዩ ሰው የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ።

በመቅደላ አምባ ስም የተሰየመው ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች ከፍቷል። ስሙን ለወረሰ ተቋም ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ ያለ አይመስለኝም። ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ቅርጹን መቅዳት አላቃተንም። ያቃተን አሠራሩን መያዝ ነው።