የልዑል ራስ እምሩ ሕይወትና የመሬት ነገር

ስለ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ለመጻፍ የተነሣሁት፥ ጎጃምን ከገዙት መኳንንት መካከል ርስቱን በገዛ ፈቃዱ ለጭሰኛ ያካፈለ ሌላ ሰው ስላላገኘሁ ነው።

ልዑልነታቸው በ1885 ዓ.ም. ተወለዱ። ከዘመዳቸው ከተፈሪ መኰንን፥ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት ጋር፥ በሐረር አብረው አደጉ፤ ባንድነትም ተማሩ። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከሥልጣን ወርደው ንብረታቸው ሲወረስ፥ ጎጃምን እንዲገዙ የተሾሙት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ንብረት መውረስ በደርግ የተጀመረ ነገር አይደለም፤ ቀድሞ ግን የሚወረሰው ከንጉሥ የተጣላ ሰው ነበር።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ የጎጃምን ጦር አስከትለው ወደ ሽሬ ዘመቱ፤ ተከዜንም ተሻግረው ታንክ ያለውን የጠላት ጦር ድል አደረጉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ግን በከፋ በኩል በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩና ፖንዛ በምትባል የኢጣልያ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በአሜሪካ፥ በህንድና በሶቪየት ኅብረት አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል።

እኔን ከዘመቻቸው ይልቅ የሚያስገርመኝ በሐረርጌ የነበራቸውን መሬት ለጭሰኞቻቸው መስጠታቸው ነው። በዚያ ዘመን ጭሰኛ ካመረተው እህል ሲሶውን፥ አንዳንድ ቦታም እኩሌታውን፥ ለባለ መሬቱ ይሰፍር ነበር። እሳቸው ግን አዋጅ ሳያስገድዳቸው ለቀቁለት። በዚህና በመሰለው አሳባቸው ቀዩ ራስ ተባሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥት ለመገልበጥ የተነሡት መንግሥቱና ገርማሜ ንዋይ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው የሰየሟቸውም ስለዚሁ ይመስለኛል። ሙከራው ሲከሽፍ ንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት አደረጉላቸው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ ነገሩ ሌላ ነው። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ አብዛኛው ባለ ርስት ነበር፤ በአባቱም በእናቱም ትውልድ ቈጥሮ ይካፈላል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፥ መሬታችን ሊለካ፥ ኋላም ርስታችን ሊነጠቅ ነው ብሎ መሣሪያ አነሣ። መንግሥትም በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ደረሰ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን አንሥቶ ውዝፉን ግብር ማረ።

ያ በጠመንጃ የተጠበቀ ርስት 7 ዓመት ብቻ ቈየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት አደረገው፤ ጭሰኝነት ቀረ፥ መሬት መሸጥና ማከራየት ተከለከለ፥ አንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። የሐረርጌ ጭሰኛ እፎይ አለ። የእኛ ገበሬ የሚያርሰው ማሳ በእጁ ቢቈይለትም፥ ርስቴ ብሎ መሟገት ቀረበት። ራስ እምሩ መሬቱን ለገበሬው ሰጥተው ዘወር አሉ፤ ደርግ ግን ባለ መሬቱን አስወግዶ በቦታው ራሱ ተቀመጠ። ኋላም ገበሬው እህሉን መንግሥት በቈረጠው ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ ታዘዘ፤ ይህም እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ቈየ። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በቤታችን ሣጥን የተቀመጠው ደብተር አባቴን ባለ ይዞታ ይላቸዋል።

ራስ እምሩ አዋጁን በሕይወት ሳሉ አዩት። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ብዙ መኳንንትና ሹማምንት በጥይት ሲገደሉ እሳቸው ተርፈዋል። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜም፥ መሳፍንትን ከሥራቸው የነቀለው ያው ደርግ በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ቀበራቸው።